እምቢታን ሳይሸራርፉ ማድረስ

ጡረታ ወጥቼ መርሳ የተመለስኩ ሰሞን፣ ያገሬን ሰው ሥራዬን ማስረዳት ራሱ ሌላ ሥራ ሆኖብኝ ነበር። «ሰይዶ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን አዲስ አበባ ምን ስትሠራ ኖርክ?» ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ። አስተርጓሚ ነበርኩ፤ አንዱ በዐረብኛ የተናገረውን ለሌላው በአማርኛ፣ በአማርኛ የተናገረውን በዐረብኛ እመልስ ነበር እላለሁ። አንድ ቀን ከመስጊድ ስንወጣ የሰፈራችን ሽማግሌ ሸህ ይማም ከምራቸው አዘኑልኝ። «እና ያንተ የምትለው ነገር አልነበረህም?» አሉኝ። አልነበረኝም አልኳቸው። «ሌላው ያለውን ማድረስ ብቻ? እኛ ሰፈር ይኼን በነፃ የሚሠራ ሞልቶ የለ እንዴ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከነከነኝና ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ዐረብኛውን ያገኘሁት ዳና፣ የታወቀው የእስልምና ትምህርት መንደር፣ ነው። አባቴ መርሳ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ልጁ ሸህ እንዲሆንለት ብሎ እዚያ ቂርአት ቤት አስገባኝ። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የቋንቋውን ሰዋስው ወደድኩና የአባቴ ምኞት እዚያው ቀረ። ዘመናዊውን ትምህርት ወልድያ ጨርሼ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ፣ ጎረቤታሞች አገሮች ስለ ንግድ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ድንበርና ስለ ወደብ የሚነጋገሩበትን ጉባኤ የሚያሰናዳ አንድ ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ተፈተንኩ። ደሞዙ ከመምህር ደሞዝ ብዙም አይሻልም፤ አበሉ ግን ደህና ነበር። የአበል ማወራረጃ ወረቀት መሙላት ብቻ ነው እስከ ዛሬ ስጠላው የምኖረው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ኡስታዝ ኑሩ ናቸው። የወረባቦ ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው፣ ዝንጅብል ኪሳቸው ውስጥ ይዘው እየቆረሱ የሚያኝኩ። ጉሮሮ የሚያጸዳው እሱ ነው ይሉ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ባለሥልጣን «እኔ ይህን አልፈርምም» ሲሉ፣ እኔ በዐረብኛ «እሳቸው ይህን አልፈርምም ይላሉ» ብዬ አደረስኩ። ኡስታዝ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡት። ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ አስተርጓሚ «እኔ» ብሎ ነው የሚናገረው። ታላቅን በአንቱታ አክብሮ ያደገ የወሎ ልጅ የባለሥልጣንን «እኔ» በራሱ አፍ ሲያደርገው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ እኔንም ይዞኝ ነበር።

«‹እሳቸው› ያልክ ጊዜ ራስህን ከነገሩ አወጣህ» አሉኝ በሻይ ሰዓት። «ሰውዬው አንተ ነህ። ሲቆጣ ተቆጣ፣ ሲለምን ለምን። ስትወጣ ደግሞ ሰይድ ትሆናለህ፤ ማንም አይወስድብህም።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጉባኤተኛው ሳይገባ ቀድመው አዳራሽ ይገቡና በየአገሩ ወንበር ላይ ተራ በተራ ይቀመጣሉ። በአንዱ ወንበር ላይ ሆነው በሩን ያያሉ፣ ሊቀመንበሩን ያያሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ጽዳት የምትሠራው ሴት መጀመሪያ አካባቢ ጤናቸውን ተጠራጥራ ነበር አሉ። እኔም አብሬያቸው መቀመጥ ጀመርኩ። የትንሿ የወደብ አገር ወንበር ሁልጊዜ ጥግ ላይ ነበር፤ እዚያ ሲቀመጡ የሚታየው የትልልቆቹ ጀርባ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ካላወቅሁ የዚያ ሰው ድምፅ ለምን ቶሎ እንደሚጠነክር አይገባኝም ነበር።

ጉባኤው ሁልጊዜ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እኛ ጎረቤታሞች ወደፊት እንዴት ሆነን እንኑር? መልሱ ግን እንደየሰዉ ነበር። አንዱ ወገን ድንበር ባዕድ በእርሳስ ያሰመረው ነው፤ አንድ ምክር ቤት፣ አንድ ፓስፖርት፣ አንድ ሠራዊት ይኑረን፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል ይላል። ሁለተኛው ወገን ባንዲራውን ተዉት፤ መንገድ ሥሩ፣ ባቡር ዘርጉ፣ ቀረጡን ቀንሱ፣ የተገበያየ ሕዝብ አይጣላም ይላል። ሦስተኛው ጥግ ላይ ያለው ነው። «ትልቅ ጎረቤት ሲያቅፍህ አጥንትህን ቁጠር» ይላል፤ እያንዳንዱ አገር በቤቱ ጌታ ሆኖ ይቆይ፣ በሚስማማበት ብቻ ይስማማ ባይ ነው። ሦስቱንም በየተራ «እኔ» ብዬ ተናግሬያቸዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በምናገርበት ሰዓት ሦስቱም ያሳምኑኝ ነበር።

የመንገዱ ወገን ዋና ተከራካሪ የእኛው አገር ሰው ጋሽ ተስፋዬ ነበሩ። የወልድያ ልጅ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ ሲናገሩ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ መንገድ የሚቀድ። ካርታ ካዩ አይለቁም፤ ከወልድያ አጠገብ ከሐራ የሚነሣው ባቡር ወደብ ሲደርስ ይታያቸዋል። ከኡስታዝ ኑሩ ጋር በሻይ ሰዓት ሲከራከሩ ማየት ለእኔ ከጉባኤው ይበልጥ ነበር።

«ኡስታዝ፣ መንገዱ ይከፈት፤ ፍቅሩ ራሱ ይመጣል» ይላሉ ጋሽ ተስፋዬ።

«በተከፈተ በር ፍቅርም ይገባል፣ ሌባም ይገባል» ይላሉ ኡስታዝ።

«እንደ እርስዎ ቢሆን ሁላችንም በራችንን ዘግተን እንሞታለን!»

«እኔ ዝጉ መች አልኩ? ባለቤቱን አንኳኩና ጠይቁት ነው የምለው።»

ጋሽ ተስፋዬ በንዴት ሻያቸው ላይ ስኳር ደግመው ይጨምራሉ፣ ኡስታዝ ዝንጅብላቸውን ይቆርሱላቸዋል። አዳራሽ ሲገቡ ደግሞ ኡስታዝ ያንኑ የጋሽ ተስፋዬን ክርክር፣ የራሳቸው ሐሳብ እስኪመስል ድረስ አሳምረው በዐረብኛ ያደርሱላቸዋል። ይህን ነገራቸውን እስካሁን እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ውድቀቴ ልምጣ። ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ የሚደበቅም አይደለም። ጅቡቲ ላይ ነው፤ ኡስታዝ ታመው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። የድንበር አርብቶ አደሮች ከነከብታቸው በአንድ መታወቂያ ከአገር አገር እንዲሻገሩ የሚል ሰነድ ቀርቦ፣ የትንሿ አገር መልእክተኛ ተነሡ። «መንግሥቴ ይህን አይቀበልም» አሉ በዐረብኛ። «እናንተ ብዙ ናችሁ፣ እኛ ጥቂት። ሁላችሁ ብትገቡ እኛ ወዴት ነው የምንሄደው? በዚህ ወረቀት ላይ ከምፈርም መቃብሬን ብቆፍር ይሻለኛል።»

በእኛ አገር ሁለት የተጣሉ ወገኖች ፊት ለፊት አይቀመጡም። አንዱ ከዛፉ ወዲህ፣ አንዱ ከዛፉ ወዲያ ሆኖ ሽማግሌ ነው በመሀል የሚመላለሰው። መራራውን ቃል መንገድ ላይ ይጥልና የቀረውን ያደርሳል። ለማስታረቅ የዋሸ አልዋሸም ይባላል፤ አያቴም አባቴም እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ። እኔም ያን ዕለት አፌን ስከፍት የወጣው የሽማግሌዎቹ ቋንቋ ሆነ። «መንግሥቴ ብርቱ ሥጋት አለው፤ በጥንቃቄ ሊያየው ይፈልጋል» አልኩ በአማርኛ።

አዳራሹ ተነፈሰ። ዐረብኛ የማይሰሙት ሊቀመንበር የእኔን ቃል ይዘው በመርህ ደረጃ ተቃውሞ የለም ብለው አስጻፉ፣ ጋሽ ተስፋዬ በደስታ ከወንበራቸው ተነሡ። በማግስቱ ጠዋት መልእክተኛው የስምምነቱን ጽሑፍ በዐረብኛ አነበቡት። ቀና ብለው ያዩት ሊቀመንበሩን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ፋይላቸውን ዘግተው ወጡ፣ ልዑካኑም ተከተሏቸው። መታወቂያው ብቻ አይደለም የቀረው፤ ቀደም ብሎ ያለቀለት የድንበር ከብት የጋራ ክትባት ሳይቀር አብሮ ፈረሰ። እኔም ከዚያ ጉባኤ ተነሥቼ በመጀመሪያው አውሮፕላን ተመለስኩ።

ኡስታዝን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙ። «አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝ። «አዝነህለት ነው ያደረግከው፣ አውቃለሁ። ግን ሰውዬው አንድ እምቢታ ብቻ ነበር ይዞ የመጣ፤ እሱን ወሰድክበት።» አያቴ ያደርገው አልነበረም ወይ አልኳቸው፤ ልከራከር ዳድቶኝ ነበር። «አያትህ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ናቸው። የጣሉትን ቃል ተመልሰው ያነሡታል፣ ያለሰለሱትን ራሳቸው ይጠግኑታል። ያንተ አውሮፕላን ግን ነገ ነው፤ ማን ይጠግንልሃል?» ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ጋሽ ተስፋዬ ከእኔ ይበልጥ አለቀሱ። ከማን ጋር ልከራከር እያሉ ነበር የሚያለቅሱት።

እኔ መርሳ፣ ጋሽ ተስፋዬም በጡረታ ወልድያ ከገባን በኋላ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በክረምቱ ወልድያ ስትያዝ ወደ ደሴ መሸሽ የቻለ ሁሉ ሸሸ። ጋሽ ተስፋዬ ባለቤታቸውን እትዬ አልማዝን ይዘው፣ ጥቂቱን በባጃጅ፣ ብዙውን በእግር፣ ሲሪንቃን አልፈው እኛ ቤት ደረሱ። ከዚህ በላይ መሄድ እትዬ አልማዝ አልቻሉም። ብዙም ሳይቆይ መርሳም ተያዘችና ሁላችንም እዚያው ቀረን። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ ዝግ ነው።

እትዬ አልማዝ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን መወጋት አለባቸው። ማቀዝቀዣ ስለሌለ ባለቤቴ ፋጡማ የመድኃኒቱን ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልላ፣ እርጥብ አሸዋ በሞላችበት ገንቦ ውስጥ ቀብራ ታስቀምጥላቸው ነበር። ጤና ጣቢያው ተዘርፏል፤ ፋርማሲዎቹ ባዶ ናቸው። ጠርሙሱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እትዬ አልማዝ ራሳቸው መጠኑን መቀነስ ጀመሩ። ውሃ ጥሙ ጠናባቸው፣ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ጋሽ ተስፋዬ እጓሯችን ካለው ማንጎ ሥር ይቀመጡና ወደ ምሥራቅ ብቻ ያያሉ። መድኃኒቱ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ በቆላው በኩል፣ በአፋር ወንድሞቻችን አገር፣ መኪና እስከ ወደቡ ይመላለሳል። በእኛና በእሱ መካከል ያለውን የእግር መንገድ ግን የቆላው ሰዎች ዘግተውታል።

ሸህ ይማም የጥንት መንገድ አላቸው። ከቆላው ሰዎች ጋር በግጦሽና በውሃ ሲጣሉም ሲታረቁም የኖሩ ናቸውና፣ በገበያ ሴቶች በኩል መልእክት ልከው ወሰን ላይ ካለው ደረቅ ወንዝ ዳር እንገናኝ አሉ። የዚያኛው ወገን ሽማግሌ ሐጂ ዓሊ አማርኛቸው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ወጣትነታቸውን ወደብ ላይ ስለሠሩ ዐረብኛቸው ግን የተባረከ ነው። «በል ሰይዶ» አሉኝ ሸህ ይማም፣ «ያ ሥራህ ዛሬ ይውጣ።»

ሸህ ይማም፣ ጋሽ ተስፋዬና እኔ ከሐጂ ዓሊ ጋር ወንዙ ዳር ካለ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሸህ ይማም ዱዓ አድርገው፣ ለሕመምተኞች መንገዱ እንዲከፈት ጠየቁ። ከእትዬ አልማዝ ሌላ የመርሳ ሕመምተኞችም ነበሩ። እኔ አደረስኩ። ሐጂ ዓሊ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

ሲጨርሱ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሸህ ይማም ጎኔን ነካ አድርገው «ቀስ አድርገህ፣ የሰው ሆድ አትስበር» አሉኝ በሹክሹክታ። የጋሽ ተስፋዬ ዓይን አፌ ላይ ነው። አማረኝ፤ ወላሂ አማረኝ። ‹ያስቡበታል› ብል ያ ፊት ለአንድ ቀን እንኳ ያርፋል። ደግሞ እዚህ አገሬ ነኝ፤ የምሄድበት አውሮፕላን የለኝም፤ ያለሰለስኩትን እንደ አያቴ ተመላልሼ መጠገን እችላለሁ። ግን እትዬ አልማዝ መመላለሻ ጊዜ የላቸውም።

«እኔ መንገዱን አልከፍትም» አልኩ፤ በሐጂ ዓሊ ድምፅ። «ሕመምተኛ ነን ብለው ያለፉ ሰዎችን ተከትሎ መሣሪያ የያዘ መጣብኝ። የወንድሜን ልጅ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ቀበርኩት። እናንተ ታዝናላችሁ፤ ሐዘናችሁ ግን እሱን አያስነሣልኝም። ከእንግዲህ ከዚያ ወገን የሚመጣ ሰው፣ ሴትም ትሁን ሕመምተኛ፣ እመልሳለሁ። ይህን የምለው ልባችሁ እንዳይጠብቅ ነው።»

ሸህ ይማም «ኧረ ሰይድ!» ብለው በቁጣ አዩኝ። ጋሽ ተስፋዬ አንገታቸውን ደፉ። አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉት፤ መንገድ መሳላቸው ነው ብዬ ነበር፣ ግን ወዲያው በመዳፋቸው አበሱት።

«እግዜር ያጥናዎት በላቸው» አሉኝ። «የወንድምዎ ልጅ ስሙ ማን ነበር በላቸው።»

ጠየቅሁ። ሐጂ ዓሊ ስሙን ተናገሩ። ጋሽ ተስፋዬ ስሙን ደግመው ጠሩትና ቀጠሉ። «መንገድ አልጠይቅም። መንገዱ እንደተዘጋ ይሁን። ከእኛ አንድም ሰው አይሻገርም። የሚያመጣው የእርስዎ ሰው፣ ቦታውን የሚመርጡት እርስዎ፣ ይብቃ ያሉ ዕለት የሚያቆሙት እርስዎ። እኔ የምለምነው ይህን ግራር ብቻ ነው፤ እዚህ ሥር አንድ ዕቃ አስቀምጠው እንዲሄዱልኝ።»

ይህንን ወደ ዐረብኛ ስመልስ እኔ ራሴ ማመን አቃተኝ። እኒያ ‹ይከፈት፣ ይከፈት› ሲሉ የኖሩ ሰውዬ ናቸው? ሸህ ይማምም ገባቸውና ቁጣቸውን ትተው ጣልቃ ገቡ። ቆላው ማሽላ ጠፍቶበታል፣ ገበያው ስለተዘጋ፤ እኛም ከዚሁ ግራር ሥር ማሽላ እናስቀምጣለን አሉ። ሐጂ ዓሊ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ በዱላቸው ወደ ጋሽ ተስፋዬ እያመለከቱ «ይህ ሰው ሥራው ምን ነበር?» አሉኝ።

ልማዴ ነውና መጀመሪያ ጥያቄውን ለባለቤቱ አደረስኩ። ጋሽ ተስፋዬ «አገሮች መንገድ እንዲከፍቱ ስለምን የኖርኩ ነኝ በላቸው» አሉ። ሳደርስላቸው ሐጂ ዓሊ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ፤ ያን ዕለት የሳቁት እሱን ብቻ ነው። ከዚያ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት አስጽፈውኝ ወረቀቱን ይዘው ተነሡ። እሺም እምቢም አላሉም።

የጠበቅንባቸው ቀናት ከባድ ነበሩ። እትዬ አልማዝ አንዳንዴ የሚናገሩት አይያያዝም ነበር፤ ፋጡማ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ታርሳለች። ጋሽ ተስፋዬ በየማለዳው ወደ ግራሩ ይወርዳሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። አንድ ጠዋት ልሂድልዎ ብላቸው «ተወኝ፣ ይኼ የኔ ጉባኤ ነው» አሉኝ።

በመጨረሻ አንድ ረፋድ ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ ወጣሁ። ጋሽ ተስፋዬ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል፣ ደረታቸው ላይ እርጥብ የፍየል ቆዳ ስልቻ ታቅፈዋል። የሐጂ ዓሊ ሰው ግራሩ ሥር አስቀምጦት ሄዷል፤ ከሎጊያ፣ ከአፋር ከተማ፣ ነው የመጣው። ስልቻው ውስጥ፣ በረጠበ ጨርቅ መካከል፣ ጠርሙሶቹ አንድም ሳይሰበሩ ተደርድረዋል፤ ለሌሎቹ የመርሳ ሕመምተኞች የሚሆንም አለ። የጠርሙሶቹ ጽሑፍ በዐረብኛ ስለነበር መጠኑን አነበብኩላቸው፣ ፋጡማ መርፌውን አዘጋጀች።

እትዬ አልማዝ ወዲያው አልተሻሉም። በማግስቱ ከሰዓት ግን ዓይናቸው ጠራ፤ ትራስ ደግፈናቸው ቀና አሉ። ስልቻውን አዩት፣ ማን አመጣው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ተስፋዬ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯቸው፤ የሐጂ ዓሊን እምቢታ፣ የሞተውን ልጅ ስም፣ ማሽላውን፣ ግራሩን። እትዬ አልማዝ እየሰሙ የባላቸውን አቧራማ ጫማ ያዩ ነበር።

«አይ ተስፋዬ» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ ተስፋዬን ክንድ እየዳበሱ። «አገር ለአገር ሲዋደድ አያለሁ እያልክ ዕድሜህን ሙሉ ስብሰባ ሄድክ። ዛሬ ገና ለቤትህ አንድ ነገር ይዘህ መጣህ።»